ሞተሩ ለምን ጋለ?

እኔ የምኖርበት ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ያለ ብርዳም ሰፈር ነው። ጧት ጧት ለሻይ የምጥደው ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ነገር በልጅነቴ፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ አስተማሪያችን በቴርሞሜትር ካሳዩን ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም። ኋላም እኔ ራሴ 38 ዓመት ሳስተምር ለስንት ልጅ እንዳሳየሁት ቍጥሩን አላውቀውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቦታው ከፍ ባለ መጠን ከላይ የሚጫነው አየር ያንሳልና ውሃው ቶሎ ይፈላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ሻይ ውሃ ለመጻፍ አይደለም፤ ይህችን አንዲት እውነት ማወቄ ባንድ ድኻ ልጅ ላይ እንዴት እንዳስፈረደኝ ለመናገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። የጠራኝ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት ሰው ነው። እርሱም ጐልማሳ ሆኖ፣ አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዝቶ፣ ተሳላሚዎችንና አገር ጐብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት ያመላልስ ነበር። «መምህር፣ መጥተው ጣናን ይዩ እንጂ፤ ማረፊያዎ እኔ ቤት ነው» ቢለኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬን የሚያስረኝ ነገር አልነበረምና እሺ አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን ስንመለስ፣ በሐይቁ መካከል፣ ከሞተሩ ቤት እንፋሎት ተትጐለጐለ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፏል። ሞተሩን ቢያጠፉት ጀልባዪቱ መንሳፈፍ ጀመረች። ከቀትር በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣልና ማዕበሉ ጐኗን ይደበድባት ገባ። እናቶች «ኪዳነ ምሕረት አንቺ ታውቂያለሽ» እያሉ ነጠላቸውን ጨበጡ። በአጠገባችን አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ላይ ተቀምጦ እየቀዘፈ አለፈ፤ ዞር ብሎም አየን። የርሱ ታንኳ የሚግል ነገር የለውም። እኛ ግን ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ስንንገላታ ቆይተን፣ እየተሳብን ከወደቡ ደረስን።

የጀልባ ሞተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። የመኪና ሞተር ከፊቱ ራዲያተር አለው፤ ነፋስም ይመታዋል። በጀልባ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ግን ነፋስ አያገኝም። ስለዚህ በሁለት ውሃ ይገለገላል። አንደኛው ውሃ በሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ሙቀቱን ይለቅማል። ሁለተኛው ከሐይቁ በጀልባዪቱ ወለል በኩል ይሳባል፤ ቆሻሻውን በወንፊት ትቶ፣ ክንፍ ክንፍ ባለው የጎማ መዘውር (መካኒኮች ኢምፔለር ይሉታል) ተገፍቶ፣ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ታጨቁበት ዕቃ ይገባል። በዚያ የአንደኛውን ውሃ ሙቀት ተቀብሎ ከጢሱ ጋራ በኋላ በኩል ይፈሳል። እንግዲህ የጀልባ ሞተር በጋለ ጊዜ፣ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን በስተኋላ የሚወጣውን ውሃ ነው፤ ብዙ ነውን? ወይስ እንደ ሽማግሌ ሽንት ይቈራረጣል? እኛ ግን ይህን አላየንም።

አንድ የከተማ ጥገና ሠራተኛ መጥቶ፣ የሞተሩን ክዳን እንኳ ሳይነካ፣ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ይውረድ» አለ። የጠየቀው ዋጋ የጀልባዪቱን እኩሌታ ያህል ነበር። ተማሪዬ ወደኔ ዘወር ብሎ «መምህር ምን ይላሉ?» ሲለኝ ልቤ ሞቀ። እውነቱን ልናገር፤ ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ቦታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የውሃ መሙያው ክዳን ግፊት ይዞ መፍላቱን ሊያዘገይ ይገባል፤ የዚህ ክዳን ላስቲክ ግን አርጅቷል» አልሁት። አዲስ ክዳን ተገዛ። በውነትም በማግሥቱ እንፋሎቱ ቀረ፤ እኔም ተመሰገንሁ። መርፌው ግን እንደ ቀድሞው ወጣ። ክዳኑ መፍላቱን አስቀረ እንጂ ሙቀቱን አላስቀረም። ፈጽሜ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ግማሹን ማግኘቴ አፌን ከፈተው።

በጀልባዪቱ ላይ የሚያገለግል 17 ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነበር። ገመድ ያስራል፣ ወለሉን ያጥባል፣ በየጧቱም ወንፊቱን ይጠርጋል። ይህ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ ቀስ ብለን ስንሄድ እኮ አይግልም፤ ሲፈጥን ነው» ብሎኝ ነበር። ይህ ንግግር ከኔ ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሞተር በቀስታ ሲሠራ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፤ ሲፈጥን ግን ብዙ ይሻል። በቀስታ ቀዝቅዞ በፍጥነት የሚግል ከሆነ፣ የውሃው መንገድ ባንድ ቦታ ጠቧል ማለት ነው። እኔ ግን ልጅ ስለ ሆነ አልሰማሁትም።

ባለቤቱም «እንግዲህ የቀረው እምቦጭ ነው» አለ። ይህ አረም በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ለጥፋቱ ሁሉ ስሙ ይጠራል። የበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ ቍርጥራጩን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ልጁን በፊታችን አቆምነው። «ወንፊቱን በየቀኑ ጠርገሃል?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። «አዎን» አለ። «ታዲያ ውሃው በምን ቀረ?» አልሁት። አሠሪውን አየት አድርጎ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። መልስ አልሰጠም።

በክፍል ውስጥ ዐይኑን መሬት ላይ የተከለ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ጥፋተኛውን በዚህ ለይቼ አውቃለሁ እያልሁ በመምህራን ክፍል እመካ ነበር። «ዝምታው መልስ ነው» አልሁ። ልጁ በዚያው ማታ ከሥራ ተሰናበተ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ራሴ ወርጄ ወንፊቱን ፈትቼ አየሁት፤ እንደ ታጠበ ሳሕን ንጹሕ ነበር። በሐይቁ ላይ ወጥተን ስንፈጥን ግን መርፌው ያንኑ መንገዱን ሄደ።

ከዚህ በኋላ፣ በወጣትነቱ በጀልባ ሥራ ያረጀ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠራ። ነገር አያበዛም። ሞተሩ እየሠራ ወደ ኋላ ሄዶ ከጢሱ ጋራ የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ተቀበለና «ትንሽ ነው» አለ። ቀጥሎ ውሃው የሚገባበትን ማኒኮቶ በመዳፉ ዳሰሰ። የጎማውን መዘውር አውጥቶ አየው፤ ስድስቱም ክንፎች ደኅና ነበሩ። በመጨረሻ ቱቦዎቹ የታጨቁበትን ዕቃ ጫፉን በካቻቢቴ ፈታ። ውስጡ ደለልና የበሰበሰ ሥር ተጋግሮበታል። ያን በጣቱ ሲጠርገው ከሥሩ ሦስት ጥቍር የጎማ ቍራጮች ወጡ።

«ይህን መዘውር የቀየረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አለ ተማሪዬ። «አሮጌው ክንፉ ሙሉ ነበር?» አለው ሽማግሌው። ተማሪዬ መልስ አልሰጠም፤ ዐይኑን የጀልባዪቱ ወለል ላይ ተከለ። እኔም ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ አሮጌው ሲቀየር የተሰበሩት ክንፎች ወዴት እንደ ደረሱ የፈለገ የለም። ውሃው ወስዶ በጠባቡ በር ላይ ሰካቸው። ደለሉም በላያቸው ጥቂት በጥቂት ሲከማች ቆየ። ልጁ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተማሪዬን ይዤ ልጁን ፍለጋ ወጣሁ። ከሐይቁ ዳር ከጭነት መኪና ላይ አሸዋ ሲያራግፍ አገኘነው። «ስንጠይቅህ ለምን ዝም አልህ?» አልሁት። አካፋውን ተደግፎ ቆመና፣ «አሮጌው መዘውር ከወንበሩ ሥር በቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ክንፉ ጐድሏል። የጐደለው የት ገባ ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ተቈጡኝ። በአስተማሪያቸው ፊት ደግሜ ላዋርዳቸው?» አለኝ። ተማሪዬ ይህን ሲሰማ እጁን ከኪሱ አውጥቶ የወሩን ደመወዝ ሙሉውን ሰጠው። ልጁ ቈጥሮ ተቀበለ። ወደ ሥራው ይመለስ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን «እስከ ቅዳሜ ላስብበት» አለ።

እኔ በማስተማር ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አንድም ልጅ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ቃሉ አፌ ላይ እየከበደኝ «ልጄ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም «ምንም አይደል አባባ» አለና ወዲያው «ስንት ቍራጭ አገኛችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስት» አልሁት።

«የጐደለው አራት ነው» አለ።

እጁን ታጥቦ ከኛ ጋራ መጣ። ቆርቆሮውን ከፍቶ አሮጌውን መዘውር አሳየን፤ ሁለት ክንፍ ብቻ ቀርቶታል። አራተኛው ቍራጭ ከፖምፓው የሚወጣው ማኒኮቶ በሚታጠፍበት ላይ ተጣብቆ ተገኘ። ልጁ ጎትቶ አወጣው፤ ከሦስቱ ጋራ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረውና ወደ አሸዋው ተመለሰ። እኔም በዐርብ ቀን ወደ ጉለሌ ተመለስሁ።