የማን ልጅ?

«ትምህርት ቤት ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አሜሪካኖችን ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። እኔም ስለዚሁ ክርክር ሳነብ ሰነባብቼ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ለመሆኑ ጠያቂው የማንን ልጅ እያሰበ ነው የሚጠይቀው?

ሆራስ ማን እ.ኤ.አ. በ1837 የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ ሲሾም ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ በሕዝብ ገንዘብ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ጎን ለጎን ይማር። ያምራል። ግን በዚያው ዘመን በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ነበር።

ባርነት ከቀረ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1881 የተከፈተውን የተስኬጊን ትምህርት ቤት የመራው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን፣ ጥቁሩ ወጣት ጡብ ሥራ፣ እርሻና አናጢነት ይማር፣ እንጀራው ይቅደም አለ። ዱ ቦይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ከፍተኛ ትምህርትም ይገባዋል ሲል ተከራከረው። እውነቱን ለመናገር ጡብ መሥራት ምን ነውር አለው? ነውሩ ሌላ ነው። «ለጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ይበቃዋል» የሚሉት ባለጸጎች የገዛ ልጃቸውን ወደ ጡብ ሥራው አልላኩም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ታዲያ ነገሩ አለቀ? የት ሊያልቅ! በሳን አንቶኒዮ፣ ድኾች በሚበዙበት በኤጅውድ ወረዳ፣ ወላጆች «በጀቱ በሰፈራችን የቤትና የመሬት ግብር ላይ ስለቆመ ልጆቻችን ተበደሉ» ብለው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደባቸው፤ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛቶች የበጀት አከፋፈላቸውን አሻሽለዋል፤ ቢሆንም የአካባቢ ግብር ዛሬም ትልቅ ድርሻ አለው።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው ደውሎ «ቤት ልቀይር ነው» አለኝ።

«ምነው፣ ጠበባችሁ እንዴ?»

«ኧረ የምንለቀው ይሰፋል! የምንገባበት ግን ጥሩ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሰፈር ነው።»

ለኪራዩ ጭማሪ ሲል ሌሊትም ሊሠራ ነው። «የሕዝብ ትምህርት ቤት ነጻ አይደለም ወይ?» ብለው ሳቀብኝ።

«ነጻ ነው እንጂ፤ ኪራዩን ከቻልክ!»

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የኮሚሽን ሪፖርት የትምህርቱን መዳከም ከነጃፓን ጋር ከሚደረገው የንግድ ፉክክር ጋር አያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀ ሕግ ደግሞ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና ይሰጥ አለ። ዜጋ ለማፍራት ነው፣ ለሥራ ነው፣ ለፉክክር ነው፤ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። እኔ ግን ትምህርት ለምን እንደሆነ ሊነግረኝ የሚነሣን ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያንተ ልጅ የት ነው የሚማረው?