ድንጋይ የጠበቀውና አንደበት የጠበቀው

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ፥ በሠረገላ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘው ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ዳሩ ግን ግሪኮች «ካንዳኬ» ብለው የጻፉት ይህ ቃል የአንዲት ሴት የተጸውዖ ስም ሳይሆን፥ ዛሬ ሱዳን በሚባለው አገር፥ በዓባይ ዳር በሜሮኤ ከተማ ለንጉሥ ቤት ታላላቅ ሴቶች ይሰጥ የነበረ የማዕርግ ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። የሜሮኤ ሰዎችም ይህንኑ የማዕርግ ስም በገዛ ፊደላቸው በድንጋይ ላይ ቀርጸውታል።

ሜሮኤ ለዚያች አገር የመጀመሪያ ከተማዋ አልነበረችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ በከርማ የተነሣው መንግሥት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ምድሩን የግብጽ ፈርዖኖች ያዙት። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠና፥ ከልደት በፊት በ727 ዓመት ገደማ የናፓታው ንጉሥ ፒዬ ወደ ግብጽ ወርዶ ገዥዎቿን አስገበረ። ይህን ድሉን ያስጻፈበት ሐውልት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 በባርካል ተራራ ሥር ተገኝቷል። ንጉሡ በያዘው ከተማ ወደ ፈረሶች ጋጣ ገብቶ ፈረሶቹ በራብ ከስተው ባየ ጊዜ፥ ጠላቱ ከሠራው በደል ሁሉ ይልቅ ይህ እጅግ እንዳሳዘነው በሐውልቱ ላይ ተጽፏል። በትንቢተ ኢሳይያስ በ37ኛው ምዕራፍ የሚጠራው ቲርሐቅም ከልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ዓመት የነገሠ የዚያው ቤት ተወላጅ ነው።

ከዚህ በኋላ የነገሥታቱ መቃብር ወደ ሜሮኤ ዞረ። በዚያም ብረት የሚያቀልጡ ሰዎች የጣሉት አር እንደ ኮረብታ ተከምሮ እስከ ዛሬ ይታያል። የኩሽ ነገሥታትና መኳንንት ያሠሯቸው ፒራሚዶች ከግብጽ ፒራሚዶች በቁመት ቢያንሱም በቍጥር ይበልጣሉ። የሜሮኤ ሰዎች ሮምንም አልፈሩም። ከልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ በአስዋን የነበረውን የሮም ጦር መትተው የአውግስጦስ ቄሣርን ምስሎች አፈረሱ። በ1910 በሜሮኤ አንድ ቤተ ጣዖት ደረጃ ሥር ተቀብሮ የተገኘው የቄሣር የነሐስ ራስ፥ ገቢና ወጪ ሁሉ እንዲረግጠው ሆን ተብሎ በዚያ እንደ ተቀበረ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ይህ ሕዝብ ከልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የገዛ ራሱን ፊደል አወጣ። ፊደሉ 23 ነው። በአንድ ወገን እንደ ግብጽ ጽሕፈት በሥዕል መልክ፥ በሌላ ወገን ለእጅ በሚፈጥን መልክ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ ነበር። ቃልን ከቃል የሚለዩትም አንዱ ባንዱ ላይ በተደረደሩ ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች ነው። ሁለት ነጥብን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደ የግእዝ አንባቢ ይህን ጽሕፈት ባየ ጊዜ አሁኑኑ የሚያነበው ይመስለዋል።

በ1911 ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የፊደሉን ድምፅ አገኘ። የንጉሥ ናታካማኒና የንግሥት አማኒቶሬ ስም በአንድ ድንጋይ ላይ በግብጽም በሜሮኤም ፊደል ተጽፎ ስለ ነበረ፥ ከታወቀው ተነሥቶ ወደ አልታወቀው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የሜሮኤን ጽሕፈት ድምፁን ማሰማት ይቻላል፤ ትርጓሜው ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። በርግጥ ከታወቁት ጥቂት ቃላት መካከል ውኃ «አቶ»፥ ኅብስት «አት» መባሉ ይገኛል። ይህም የታወቀው በመቃብር ድንጋዮች ላይ ለሞተው ሰው ብዙ ውኃና ብዙ ኅብስት እንዲሰጠው ከአማልክቱ ስለሚለመንለት ነው። በሐማዳብ የተገኘው የንግሥት አማኒሬናስ ስም ያለበት ታላቅ ሐውልት ምናልባት ከሮም ጋር የተደረገውን ጦርነት ይናገር ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያስተውለው የለም። ስለዚህ የዚያ ጦርነት ታሪክ የሚታወቀው ከሮም ወገን ከነበረው ከስትራቦን መጽሐፍ ነው። የሜሮኤ ምስክር በአደባባይ ቆሞ ሳለ የሚሰማው ያጣ፥ ባላጋራው ብቻ የሚናገርበት ሙግት ሆኗል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1913 ያው ግሪፊዝ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ የክርስቲያን ኖባን ጽሑፎች የያዘ ነበር። የኖባ ሦስቱ መንግሥታት፥ ኖባድያና ማቁርያ ዓልዋም፥ በስድስተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ተቀበሉ። ለኖባድያም በንግሥት ቴዎዶራ ፈቃድ የተላከው ቄስ ዮልያኖስ ሰበከ። ኖባዎች ከግሪክና ከቅብጥ ፊደል ላይ ጥቂት የሜሮኤን ፊደላት ጨምረው በቋንቋቸው ጻፉ። በመጽሐፉ ውስጥ የቅዱስ ሚናስ ተአምር፥ የልደት ሰሞን ግጻዌና የመስቀል ምስጋና ይገኛሉ። እነዚህ ግን ተነበቡ፤ ተተረጐሙም።

ሊቁ አንድ፥ ወንዙም አንድ ሲሆን፥ አንዱ ጽሕፈት ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ የቀረው ስለ ምን ነው? የዶንጎላ የዙፋን አዳራሽ በ1317 መስጊድ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ የኖባ ሕዝብ ሃይማኖቱን ለወጠ፥ ፊደሉንም ረሳ። ነገር ግን እናቶች ለልጆቻቸው በዚያው ቋንቋ መናገራቸውን አልተዉም። ብራናው ከመሬት በወጣ ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅ ሕዝብ በዓባይ ዳር ቆይቶ ነበርና፥ ሊቁ ከሕያው አፍ ወደ ጥንቱ ቃል መንገድ አገኘ። የሜሮኤ ፊደል ግን በቤተ መንግሥትና በቤተ ጣዖት ጸሐፊዎች እጅ ብቻ የቆመ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዓመት መንግሥቱ በወደቀ ጊዜ ጸሐፊዎቹ ጠፉ፥ ሕዝቡም የኖባን ቋንቋ ለመደ።

በዚያው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ኖባንና ካሱን ወግቶ ድሉን በግእዝ በድንጋይ አስጻፈ። ካሱ የተባለው ኩሽ ነው። ግእዝም እናት ለልጇ የምትናገረው ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም የኢዛና ድንጋይ ትርጓሜው አልተዘጋም፤ እናት የተወችውን የንባብ ቤትና የቅኔ ቤት መምህር ተቀብሎታልና። እንግዲህ ለቋንቋ ሁለት ጠባቂዎች አሉት፤ አንዱ የእናት አፍ ነው፥ ሁለተኛው የመምህር አፍ ነው። ሁለቱም በጠፉበት ድንጋይ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ከ1960 እስከ 1970 የአስዋን ታላቁ ግድብ በተሠራ ጊዜ የኖባ ምድር በውኃ ተዋጠ። የአቡ ሲምበል ቤተ ጣዖቶች ከ1964 እስከ 1968 በመጋዝ ተቈርጠው ወደ ከፍታ ወጡ። የፖሎኝ ሊቃውንትም ከፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ከ100 የሚበልጡ ቅዱሳት ሥዕሎችን አንሥተው አዳኑ፤ ሥዕሎቹም ለዋርሶና ለካርቱም ቤተ መዘክር ተከፈሉ። ሕዝቡ ግን ከሱዳን ወገን 50,000 ያህል ሰው ወደ አትባራ ወንዝ አገር፥ ከግብጽ ወገንም የዚያኑ ያህል ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰደ። ቋንቋ እንደ ድንጋይ ተቈርጦ አይነሣም፤ ልጆቹ በአዲሱ መንደርና በከተማ ዐረብኛ እየለመዱ ሄዱ። የዳነውም ቅርስ ቢሆን ያለ ሥጋት አልቀረም፤ በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የካርቱም ቤተ መዘክር ተዘርፏል።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን አንዳንድ የኖባ ተወላጆች፥ አባቶቻቸው የቅዱስ ሚናስን ተአምር የጻፉበትን ያን የጥንት ፊደል አንሥተው ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ማስተማር ጀምረዋል። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ፊደሉን የሚወዱት ግን የአባቶቻቸው እጅ ስለ ሆነ ነው። ይህን ፊደል የሚማር የኖባ ልጅ፥ ምናልባት ሳያውቀው፥ የህንደኬ ጸሐፊዎች ያወጧቸውን እነዚያን ጥቂት ፊደላት አብሮ ይጽፋል።