ደራሲው የተከለከለው ታሪክ

የሳይንስ እውቀት የደራሲን ምናብ ያደርቃል ሲባል ስሰማ፣ አሜሪካዊው ቬርኖር ቪንጅ ትዝ ይለኛል። ቪንጅ በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እስከ 2000 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ እያስተማረ፣ በተረፈው ጊዜ የሳይንስ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር።

በ1966 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ፣ አእምሮው ከኮምፒዩተር ጋር የተገናኘ ቺምፓንዚ እናገኛለን። ቀጥሎም በዚሁ ዘዴ አእምሮው የላቀለትን ሰው ታሪክ ለመጻፍ አሰበ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ካምቤል ግን፣ ይህን ታሪክ ቪንጅም ሆነ ሌላ ሰው ሊጽፈው እንደማይችል ገልጾ መለሰለት። መልሱ ጨካኝ ቢመስልም እውነት አለበት። ደራሲ ከራሱ እጅግ የሚልቅ አእምሮ የሚያስበውን ከወዴት ያመጣዋል?

ሙያውን የማያውቅ ሰው ቢሆን፣ የወደፊቶቹን ማሽኖች ደካሞች አድርጎ በመሳል ችግሩን ባለፈው ነበር። የኮምፒዩተርን ፈጣን እድገት የሚያውቀው ቪንጅ ግን በዚህ አንባቢን ማታለል አልወደደም፤ ጥያቄውን እንደ ሒሳብ ስሌት ለዓመታት ይዞት ኖረ። በመጨረሻም በ1992 ባወጣው ረጅም ልብ ወለድ መላ አገኘ። ይኸውም ጋላክሲውን በክልል ከፍሎ፣ ወደ መሐል በተጠጉ ቁጥር የማሰብ ኃይል እንዲደክም ማድረጉ ነው። ታላላቆቹ አእምሮዎች በዳርቻው ብቻ ይኖራሉ፤ ሰዎች ግን ከዚያ መለስ ብለው፣ እኛ ልንረዳው በምንችለው መጠን ያስባሉ። ስለዚህም ታሪካቸው ሊተረክ ቻለ። መጽሐፉ በ1993 የሁጎን ሽልማት ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተጋራ፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን የመላው ብልኀት ነው። ካምቤል በ1971 ሞቶ ስለ ነበር ይህን መልስ ለማንበብ አልታደለም።