ክረምትን በጤና ጣቢያ ደጃፍ

ሲግናል የሚባለው ሰፈራችን በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተያይዘው ወደ ምሥራቅ ከሚዘረጉት ተራሮች በታች ይገኛል። ቃሉ ባዕድ ነው፤ ሲተረጐም ምልክት ማለት ነው። በበጋ የሚያየው መንገደኛ አቧራውንና የታክሲውን ግፊያ ብቻ አይቶ ያልፋል። ክረምት በገባ ጊዜ ግን መልኩ ሌላ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ጠጠር እያንከባለለ በየመንገዱ ይፈስሳል፤ ጉም የባሕር ዛፉን ጫፍ ይሸፍናል፤ ከሾላ ገበያ የሚመለሱ እናቶች ጃንጥላቸውን በአንድ እጅ፣ ዘንቢላቸውን በሌላው እጅ ይዘው ጭቃውን እየመረጡ ይራመዳሉ። ተማሪ ቤት የተዘጋባቸው ልጆችም በየበረንዳው ተጠልለው ስልካቸውን ሲነካኩ ይውላሉ።

እኛ በዚህ ሰፈር ማስተማር ከጀመርን ብዙ ዘመን ነው። ሰኔ ባለቀ ቍጥር ወላጆች የሚያቀርቡልን ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ ልጁ ክረምቱን ምን ሲሠራ ይክረም? የሚል ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ግን አንዲት እናት ከዚህ ለየት ያለ ነገር ይዘው መጡ።

እኒህ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው 11ኛ ክፍልን የጨረሰች ስትሆን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ከማለት ሌላ ተናግራ አታውቅም። በአሜሪካ የሚኖር ዘመዳቸው ከዚያው አገር አንድ ወረቀት ልኮላቸው ኖሮ፣ «መምህር፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» ብለው ሰጡን። ወረቀቱ ወደፊት ሕክምና ለመማር ለሚያስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሁለት ሳምንት ትምህርት መኖሩን ይገልጻል። ልጆቹ ነጭ ካፖርት ይለብሳሉ፤ በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ቁስል መስፋትን ይለማመዳሉ፤ ሐኪሞች ንግግር ያደርጉላቸዋል፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ዋጋው በሺህ በሚቈጠር ዶላር ነው፤ የአውሮፕላኑ ለብቻው ነው።

አንብበን ስንጨርስ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የወርቅ ሐብል ፈትተው አሳዩን። «የሟቹ ማስታወሻ ነው። ብሸጠው ይበቃ እንደሆነ ይንገሩኝ» አሉ። እኛም አንገታችንን ደፋን። እንደማይበቃ ዐውቀናል፤ ያሳፈረን ግን እርሱ አይደለም። ቢበቃስ ኖሮ ምን ብለን እንመክራቸው ነበር?

ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ ወጣት ሐኪም ለመሆን አስቀድሞ አራት ዓመት ያህል በኮሌጅ ይማራል፤ ከዚያም ልዩ ፈተና ተፈትኖና ማመልከቻ አቅርቦ ከተመረጠ ሌላ አራት ዓመት ሕክምና ይማራል። ማመልከቻውን የሚመረምሩት ሰዎች ነጥቡን ብቻ አይመለከቱም፤ በበሽተኛ አጠገብ ቆመህ ታውቃለህን? ማንን አገለገልህ? ብለው ይጠይቃሉ። የዕረፍት ወራት ትምህርቱ በዚያ አገር እንዲህ የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። ከነዚህም ውስጥ እጅግ የሚመሰገኑ አሉ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች ለተወለዱ የአካባቢው ተማሪዎች ያለ ክፍያ ሲሰጥ የቆየው ትምህርት ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን «ተመርጠሃል» የሚል ያማረ ደብዳቤ ለብዙ ሰው እየላኩ ገንዘብ የሚሰበስቡም አይታጡም። የነርሱን የምስክር ወረቀት ይዞ ስለ ሄደ ብቻ የሕክምና ትምህርት ቤት በር የሚከፈትለት የለም።

በአገራችን ሥርዐቱ የተለየ ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያልፋል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች ጋር የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያ በነጥቡና በምርጫው ሕክምና ይገባል። በበሽተኛ አጠገብ ቆሞ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። በሩም ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ አንባብያን ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለው በር ያለፈውን ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል፤ ልጁ ራሱን ሳይጠይቅ ከውስጥ ይገኛል። መግል ሲያይ ሆዱ የሚገላበጥበት መሆኑን የሚያውቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ያሰሙትን ጩኸትም ልጁ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል እንላለን።

ስለዚህ ለእኒያ እናት፣ «እኅቴ፣ ሐብሉን መልሰው ይቋጥሩት፤ ልጅቱ ክረምቱን እዚሁ በሽተኛ ባለበት ትክረም» አልናቸው።

መንገዱም አልጠፋም። በየዓመቱ በክረምት ወጣቶች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰማራሉ፤ ዛፍ የሚተክሉ፣ የአረጋውያንን ቤት የሚያድሱ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑ አሉ። እኛም በአቅራቢያችን የሚገኘውን አንድ ጤና ጣቢያ ለምነን፣ ወላጆችንም አስፈርመን፣ ዘጠኝ ተማሪዎችን ለስድስት ሳምንት አስገባን። መርፌ እንዳይነኩ፣ በሽተኛው ካልፈቀደ ከክፍሉ እንዲወጡ፣ ያዩትንም በሽታ ለእናታቸው እንኳ እንዳይናገሩ ቃል አስገባናቸው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ከባድ ነበር፤ ሲግናል ሰፊ መስሎ ይታያል እንጂ ሁሉም ይተዋወቃል።

ከመጀመራቸው በፊት በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይዘናቸው ወደ የካ ተራራ ወጣን። ዝናቡ ሌሊት አባርቶ ነበርና አፈሩ ያንሸራትታል። ሽቅብ ስንወጣ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቍልቍል ሲወርዱ አገኘናቸው። ጭነቱ ከራሳቸው ቁመት ይበልጣል፤ ገመዱ ከትከሻቸው ሥር ገብቷል፤ ወገባቸው ከመጕበጡ የተነሣ የሚያዩት የእግራቸውን ጣት ብቻ ነው። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ለቀው ሊያልፉ ሲሉ አስቆምናቸውና፣ ሐኪም ብትሆኑ እኒህን ሴት ምን ትጠይቋቸው ነበር? አልናቸው። አንዱ «ወገብዎን ያምዎታልን?» እላለሁ አለ። ያቺ የእናቲቱ ልጅ ግን ቀስ ብላ፣ «ቍርስ በልተዋልን? እላቸዋለሁ» አለች።

ከዐለት ተፈልፍሎ ከተሠራው ከጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ደርሰን ተሳልመን ዐረፍን። ሙልሙል ተቈርሶ ተበላ። ጉሙ ሲገለጥ ከተማው ከእግራችን በታች ተዘርግቶ ታየ። በዘንጋችን ወደ ቀበና በኩል እያመለከትን፣ ከዚያ ማዶ የምኒልክ ሆስፒታል አለ አልናቸው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ለማከም ወደዚህ አገር መምጣታቸውን፣ ዳግማዊ ምኒልክም በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል ማቆማቸውን ነገርናቸው። ሆስፒታሉ ዛሬም በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ይሠራል።

የሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ታሪክ ሲሰሙ ግን ሙልሙሉን ማኘክ ተዉ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ ጦር ሰዎች እጅ ገቡ፤ ወደ ሕንድ ተወስደው አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ ከኢትዮጵያውያንም በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ሐኪም ሆኑ። ለሴቶች ልጆቻችን ደግሞ የልዕልት ፀሐይን ነገርናቸው። በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ሙያ ተምረው፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ስታነጥፍ ማሰብ ለአንዳንዶቹ አስቸጋሪ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ ነገር የቀረበው የጎንደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ። በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚጨርሱ አልነበሩም፤ የጤና መኰንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው በሽተኛውን ከነቤቱ፣ ከነምንጩ እያዩ ይማሩ ነበር። በቀለሙ ላይ እጅ መጨመሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ልጅ ወደ ምዕራብ ወደ እንጦጦ እያየ ስለ ጠበሉ ጠየቀ። አያቱ ለመጠመቅ ሲሉ መድኃኒታቸውን ትተው ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ለተያዙ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መምከራቸውን ነገርነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ለአያቴ መጥተው ይንገሩልኝ» አለን። ሄደን ነግረናቸዋል።

ሰኞ ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ የሆነ ጎልማሳ መጥቶ የመጀመሪያ ርዳታ አስተማራቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ራሱ ጣልያን ሊወርረን ሲዘጋጅ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በክረምት የተቋቋመ ነው። እኛም ከኋላ ተቀምጠን ተማርን፤ ዐርባ ዓመት የያዝነው ስሕተት ነበረና። ነስር የመጣበትን ሰው ራሱን ወደ ኋላ ማስጋደል አይገባም፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ዐሥር ደቂቃ ያህል መጫን ነው። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለውን ሰውነት ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ይጐዳል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማቆየት ነው። በረዶም አይደረግበትም። ወጥ ቤት ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተከፋፈሉ። ጥቂቶቹ ካርድ ክፍል ገብተው ካርድ ፈለጉ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎችን እየደገፉ ከክፍል ወደ ክፍል አደረሱ። ሦስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ቤት ለቤት ወጡ። ይህ ሥራ በገጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ኋላም ወደ ከተማ ገብቷል። ባለሙያዋ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ ክትባት ያመለጠውን ሕፃንና ክትትል ያቋረጠችውን ነፍሰ ጡር ትፈልጋለች።

የእናቲቱ ልጅ የወጣችው ከነዚህ ከአንዷ ጋር ነው። ከምትይዘው ዕቃ አንዱ የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ቀለም ያለው ጥብጣብ ነበረ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የግራ ክንዱ መካከል ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከቤቷ ሦስት ደጃፍ ራቅ ብሎ ያለን አንድ ሕፃን ለኩት። ቢጫ ሆነ። ያንን ሕፃን በየቀኑ ታየዋለች፤ አዝላውም ታውቃለች፤ ቀጭን ነው ከማለት በቀር ያሰበችው ነገር አልነበረም። የሕፃኑ እናት ደግሞ ከእናቷ እንጀራ የሚገዙ ደንበኛ ነበሩ፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መግዛት ትተው ኖሯል። ልጅቱ ማታ ወደኛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ለማንም አልናገርም ብያለሁ፤ ግን እናቴ እንጀራ ብትልክላቸው ቃሌን አፈረስሁ ማለት ነውን?» ብላ ጠየቀችን። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመናችን ከዚህ የከበደ ጥያቄ የጠየቀን ተማሪ የለም። ለባለሙያዋ እንድትነግር፣ ባለሙያዋም የሕፃኑን እናት አስፈቅዳ እንድትሠራ መከርናት። እንደዚያው ተደረገ፤ ሕፃኑም ክትትል ጀመረ። እስከ ጳጕሜን አረንጓዴ አልደረሰም፤ ነገር ግን ክንዱ ጥቂት ወፍሯል።

ከዘጠኙ ስድስቱ እስከ መጨረሻው ቆዩ። አንዷ ቤተ ሙከራ ትገባለች፤ ማይክሮስኮፑን ካየች ወዲህ ስለ ሐኪም አታወራም። የእናቲቱ ልጅ አሁንም ሐኪም እሆናለሁ ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ብሏል፤ ስለ ሕፃናትም ትናገራለች። ሐብሉ አልተሸጠም። ዘመዳቸውም የአውሮፕላን ነገር መቅረቱን ሲሰማ ጥቂት ገንዘብ ለመጻሕፍት ልኮላቸዋል።

ካቋረጡት ሦስቱ አንዱ ነጥቡ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ነበረ። በሁለተኛው ቀን የአንድ ሽማግሌ የስኳር ቁስል ሲፈታ አየና ወጥቶ ከግቢው አጥር ሥር ተቀመጠ። ሲስተር ውሃ ይዛለት ሄደች። ለሌሎቹ ሳይናገር እኛን፣ «አልችልም፤ ድልድይ መሥራት ነው የምወደው፤ ለአባቴ እንዴት እነግረዋለሁ?» አለን። አብረነው ሄደን ነገርናቸው። አባቱ ከተወለደ ጀምሮ «ዶክተር» ብለው የሚጠሩት ልጃቸው ነው። ቡና አቅርበውልን በዝምታ ጠጣን። ልጁ ዘንድሮ የምሕንድስና መጻሕፍት ያነብባል፤ ፊቱም ፈክቷል። አባቱ ግን በየካ ሚካኤል ደጃፍ ሲያገኙን ባርኔጣቸውን ብቻ ነካ አድርገው ያልፋሉ።