ምጽዋትና ደመወዝ

ከተማችን አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጌታችን ባደገባት አገር ስም ናዝሬት ተብላ ኖራለች፤ ዛሬ በጥንት ስሟ ብትጠራም ናዝሬት የሚለው ስም ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። ወንጌላዊው ማርቆስ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈልን፣ ጌታችን በዚያች በገሊላዋ ናዝሬት ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በጸራቢነቱ ነበር። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ጌታ የእጅ ሥራን ካልናቀ፣ ሥራ የሰው ክብር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚሻው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ በወገኖቹ መካከል የሚገባውን ስፍራ ጭምር ነው እንጂ።

በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት መመጽወት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ አካል ጉዳተኛን ሁሉ ምጽዋት ጠባቂ አድርገን እንድናይ ካደረገን፣ ሳናውቀው ወንድማችንን እንበድላለን።

በሰፈሬ በሁለት ክራንች የሚሄድ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምሮ የተመረቀ አንድ ወጣት አለ። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሸሚዙን ተኩሶ፣ ማስረጃውን በብብቱ ይዞ ማልዶ ይወጣል። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሲደርስ ዘበኛው ለልመና የመጣ መስሎት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ወጣቱም፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ የመጣሁትስ ለፈተናው ነው» አለው። ፈተናው በ3ኛው ፎቅ ነበር፤ አሳንሰርም አልነበረም። ደረጃውን በክራንቹ እየተደገፈ ወጥቶ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል ተብሎ ተመለሰ። በሳምንቱ ግን ወደ ሌላ ደጅ ሄደ። ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን የአንድ እህል ነጋዴ መዝገብ ይይዛል፤ በቀሩት ቀኖች ቋሚ ሥራ ፍለጋውን አልተወም።

ይህ ወጣት የሚጠይቀው ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረገውን አድልዎ ይከለክላል፤ አሠሪውም የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሆኖም ሕግ በሩን ቢከፍት፣ ደፍ ላይ የቆመው ሰው ልብ ካልተከፈተ ምን ይጠቅማል?

ዕድል ያገኘ ሰው ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሞጆ በመቂና በዝዋይ በኩል አድርገን በስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ብንወርድ ሻሸመኔን እናገኛለን። በዚያ ባለው የካቶሊካውያን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ በ5 ዓመቷ ዓይኗ የጠፋ አንዲት የወሎ ልጅ ተምራለች፤ እርሷም የትነበርሽ ንጉሤ ናት። ዓይነ ስውርነቷ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናት ራሷ ትናገራለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች፤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ወላጆች ሆይ፣ አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን ከእንግዳ ዓይን አትሸሽጉ፤ ወደ ትምህርት ቤት ላኩ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ከጥንት ታውቀዋለች። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ነበር፤ በእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገራል። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶችም ዓይነ ስውራን በቃላቸው አጥንተው መምህራን ሆነዋል።

በሐዋርያት ሥራ በ3ኛው ምዕራፍ የምናነበው ሽባ ከመቅደሱ ደጅ ተቀምጦ ገንዘብ ለመነ። ጴጥሮስ ግን በጌታ ስም ቀኝ እጁን ይዞ አስነሣው፤ ሰውየውም በደጅ አልቀረም፣ ከሐዋርያት ጋር ወደ ውስጥ ገባ። እኛ ተአምር ማድረግ ባይቻለን እጅ ይዞ ማስገባት አያቅተንም። ሱቅ ያለው ሒሳቡን ያስይዝ፤ ልብስ የሚያሰፋ ለአካል ጉዳተኛው ልብስ ሰፊ ይስጥ፤ ሰበካ ጉባኤም ጸሐፊ ሲቀጥር እግርን ሳይሆን ችሎታን ይመልከት። ከዚያም ደመወዙን ሳያጓድል በቀኑ ይክፈል፤ ደመወዝ ምጽዋት አይደለምና።

የሠራተኛውን ድካም የማይረሳ አምላክ ለዚህ በጎ ሥራ ያነሣሣን፤ አሜን።