ፋ የሌለበት ዜማ

ፒያኖ ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ወገዳ ላይ አስተማሪ ስላጣሁ፣ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል አንድ የኢንተርኔት መለማመጃ እከፍታለሁ። ቁልፉን በትክክል ስነካ አረንጓዴ፣ ስስት ቀይ ይበራል። ዶ፣ ሚ፣ ሶል አብረው ሲመቱ የዶ ኮርድ ነው፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ የፋ፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ የሶል። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ብዙ መዝሙር ይታጀባል ተባልሁ፤ አመንሁ።

አንድ እሑድ አንዲት እናት በትዝታ ቅኝት መዝሙር ጀመሩ። እኔም ሦስቱን ኮርዶች አከታተልሁ። እናታችን አዝማቹን ሳይደግሙ ዝም አሉ። ከጉባኤው በኋላ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ መንገዱ ጠፋብኝ” አሉኝ። በዓመታት ውስጥ ሲያቋርጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ዜማቸውን ከዶ ጀምሬ በአንድ ጣት ፈለግሁት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ አምስት ድምፅ ብቻ! ፋና ሲ የሉበትም። እኔ በኮርዶቼ ሁለቱንም እየጨመርሁ አሳስቻቸዋለሁ። ከአምስቱ ድምፆች የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች የዶና የላ ብቻ ናቸው፤ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ማሲንቆ እኮ በአንዲት ክር ዘፋኙን ሲከተል ኖሯል!

በሚቀጥለው እሑድ ይቅርታ ጠይቄ እንዲዘምሩ ለመንኋቸው። ዶንና ሶልን ብቻ ለስለስ አድርጌ ያዝሁ። እስከ መጨረሻው ዘመሩ፤ ጉባኤውም ተቀበላቸው።

መለማመጃውን አልተውሁትም፤ ዛሬም እማርበታለሁ። ነገር ግን አረንጓዴው መብራት የሚያየው የእኔን ጣት ነው፤ አጠገቤ የሚዘምረውን ሰው መስማት የእኔ ድርሻ ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተስ ስታገለግሉ ማንን ትሰማላችሁ?