የእናቱ ወንድም

ጥቅምት 18 ቀን 2015፣ እንፍራንዝ

መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ጎረምሳ ማዘዣ ይዞ መጣ፤ ወባው ቫይቫክስ ነው። ለ3 ቀን ክሎሮኪን፣ ለ14 ቀን ፕሪማኩዊን ሰጠሁት። «ይሄኛው ጉበት ውስጥ ያደፈጠውን ነው የሚገድለው፤ ተሻለኝ ብለህ እንዳትተወው» አልኩት። እናቱ «እኔ አስውጠዋለሁ፣ ዶክተር» አሉ። (ድራጊስት ነኝ፤ ማረም ከተውኩ ቆየሁ።) የጂ6ፒዲ ኢንዛይም መመርመሪያ እኛ ዘንድ የለም። ሽንቱን እንዲያይ መንገር ነበረብኝ። ሰልፉ ረዝሞ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 21

እናትየው በማለዳ መጡ። «ሽንቱ ጠላ መሰለ፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ።» ፕሪማኩዊኑን አስቁሜ ጎንደር ይዘውት እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

ጥቅምት 22

እንቅልፍ የለም። ቀይ የደም ሴል አስኳል ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም አይሠራም፤ ሲፈጠር በያዘው ስንቅ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ጂ6ፒዲ ከዝገት የሚጠብቀው ስንቁ ነው፤ ፕሪማኩዊን ደግሞ ያዝገዋል። ስንቁ ከመጀመሪያው ያነሰበት ሰው ላይ ቀድመው የሚፈነዱት አሮጌዎቹ ሴሎች ናቸው። ጉድለቱ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው ቺካጎ አጠገብ፣ ስቴትቪል ወህኒ ቤት፣ መድኃኒቱ እስረኞች ላይ ሲሞከር በተገኘው ፍንጭ ነው። እስረኞች ላይ!

ሰርዲኒያ ውስጥ ጉድለቱ ያለበትን ሰው ባቄላም እንዲህ ያደርገዋል። እኛ እሸቱንም ንፍሮውንም እየበላን፣ በባቄላ ሽንቱ ጠቆረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለዚህ ይሆናል የተዘናጋሁት።

ጥቅምት 26

ደም ተሰጥቶት ተሽሎታል። ያከመው ሐኪም በስልክ እንደነገረኝ ኢንዛይሙን አሁን መለካት ያሳስታል፤ አሮጌው ሴል አልቆ የቀረው ወጣቱና የለጋሹ ደም ነው፣ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ከ3 ወር በኋላ ይለካል።

እናትየው ሊያመሰግኑኝ መጡ፤ አፈርኩ። እኛ አገር ማንነትህን ሲጠይቁህ የአባትህን ስም ነው። ይህ ጉድለት ግን በኤክስ ክሮሞሶም ይተላለፋል፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠየቅኳቸው፦ «ከወንድሞችዎ እንዲህ የሆነ አለ?»

«ታላቄ። ሁመራ ወባ ታሞ ክኒን ሲውጥ ሽንቱ ደም መሰለ። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አጠጣነው።»

«ምን ክኒን ነበር?»

«ማን ጠይቆ!» ትንሽ ዝም አሉና «የልጄ ታናናሾችስ? ኅዳር ላይ ሁለቱም መተማ ይወርዳሉ» አሉ።

ስማቸውን መዝገቡ ጀርባ ላይ ጻፍኩ።